ዘር የማትቆጥር ጽጌረዳ

ሮቢት ላይ ጽጌረዳ የሚያሳድግ ሰው ሦስት ባላጋራ አለው፤ ፀሐይ፣ ፍየልና ጎረቤት። ከወልዲያ ወደ ቆቦ ሲኬድ፣ ቆቦ ሳይደረስ መንገድ ዳር የምትገኘው ከተማችን ቆላ ናት። የምንኮራው በማሽላችን ነው። የተራራ ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን የሚያጠጣ ገበሬ፣ አንድ ጀሪካን ውሃ አበባ ላይ የሚደፋ ሰው ሲያይ ጤናውን ይጠራጠራል።

እኔ ግን እደፋለሁ። በግቢዬ ጥግ ቁጥቋጦዋ ደረቴ የሚደርስ፣ ጥቁር ቀይ የድሮ ጽጌረዳ አለችኝ። መጀመሪያ ፊቷን ወደ ምዕራብ አድርጌ ተከልኳትና የከሰዓት ፀሐይ የአበባውን ጠርዝ እሳት እንደነካው ወረቀት አኮማተረው። አሁን ማንጎው ሥር ናት፤ ጠዋት ፀሐይ፣ ከቀትር በኋላ ጥላ ታገኛለች። ክሽክሽ ሲወራት በሳሙና ውሃ አጥባታለሁ። ሽታዋን የሚያውቀው ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የመጣ ብቻ ነው፤ ፀሐይ ሲጠነክር መዓዛው ተኖ ያልቃል። አርፍዶ ለሚነሣው ጎረቤቴ ጽጌረዳዬ ሽታ የላትም።

ይኸው ጎረቤቴ ነው ነገሩን የጀመረው። አንድ ቀን አጥሩ ላይ ተደግፎ «አያ፣ ይቺ ልጅ የማን ናት?» አለኝ። እኛ ዘንድ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ እኔም ልቆጥርላት ተነሣሁ።

«እማ፣ ይቺን ማን ሰጠሽ?»

«ቆቦ ያለችው ክርስትና እናትህ ናታ!»

ክርስትና እናቴ ደግሞ ከወልዲያ በሙሽርነቷ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ያመጣቻት ናት። ወልዲያ ደወልኩ፤ «ከደሴ ዘመድ» ተባልኩ። ደሴ ስደውል አንድ አዛውንት አነሡና «ጣሊያን ነዋ ያመጣት!» ብለው ዘጉት። እኛ አገር ምንጩ የጠፋብን ነገር ሁሉ የሚሰጠው ለጣሊያን ነው። ለመንገዱና ለፓስታው እውነት ነው፤ ለጽጌረዳዬ ግን ምስክር አልተገኘም። ቆጠራው አራተኛው ቤት ላይ ቆመ።

ከሰው ያጣሁትን ከመጽሐፍ ፈለግሁ። የአበባ ሰዎች «የድሮ» የሚሉት ጽጌረዳ ከ1867 እ.ኤ.አ. በፊት የነበረውን ወገን ነው። በዚያ ዓመት ሊዮን ከተማ ውስጥ «ላ ፍራንስ» የተባለች ዝርያ ተገኘችና ዘመናዊው የጽጌረዳ ዘመን ከእሷ ተቆጠረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ጉዞ ጀምረው ነበር። አንዱ አገር አበባ ሲያዳቅል፣ ሌላው መድፍ ይጎትታል።

የእኔዋ በዓመት ደጋግማ ታብባለች፤ ይህ ደግሞ ደሟን አሳበቀባት። የጥንቱ የአውሮፓ ጽጌረዳ አብዛኛው በዓመት አንዴ ነበር የሚያብበው። ደጋግሞ ማበብና ደም የመሰለው ቅላት የገቡት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም ከቻይና በሄዱ ጽጌረዳዎች ነው። ቻይና እኛ አገር፣ ራያ፣ የደረሰው የወልዲያ–መቀሌን የባቡር ሐዲድ ሊሠራ ይመስለን ነበር፤ በእኔ ግቢ በኩል ግን ቀድሞ ገብቷል።

እውነተኛዋ አገር በቀል ማን ናት? ቀጋ! ከሰሃራ በስተደቡብ በተፈጥሮ የምትበቅል ብቸኛ የጽጌረዳ ዝርያ እሷ ናት። ነጭ አበባዋ ይሸታል፣ ቀይ ፍሬዋን እረኛ ይበላዋል። ደጋ ወዳድ ስለሆነች ከላይ ከላስታ በኩል ታየናለች እንጂ ቆላ አትወርድም። ደገኛውም ቢሆን አጥር ያደርጋታል እንጂ ጓሮ አያስገባትም።

ከዝዋይና ከሆለታ በአውሮፕላን አውሮፓ የሚሄደውስ? እሱ መልክ አለው፤ የሚራባው ግን ለመንገድና ለአበባ ማስቀመጫ እንዲበረታ ነውና አብዛኛው ሽታውን ከስሯል። በ2015 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ተመራማሪዎች መዓዛማዋን ጥቁር ቀይ «ፓፓ ሜያን» ሽታ ከሌላት «ሩዥ ሜያን» ጋር አስተያይተው፣ ለመዓዛው ወሳኝ የሆነ አንድ ኢንዛይም አገኙ። ያ ሲደክም መልክ ይቀራል፣ ጠረን ይሄዳል።

ዘግይቶ የገባኝ ሌላው ነገር ግን ቆጠራዬን ሁሉ አፈረሰው። በቁራጭ የሚተከል ጽጌረዳ አይወልድም። ክርስትና እናቴ በእርጥብ ጨርቅ የጠቀለለችው የደሴዋን ልጅ አልነበረም፤ የደሴዋን ራሷን ነው። ከደሴ ወልዲያ፣ ከወልዲያ ቆቦ፣ ከቆቦ ሮቢት የተሻገረችው አንዲቷ ተክል ናት። እናት ሳትሆን፣ አያት ሳትሆን፣ አንድ ዕድሜዋን ከቤት ቤት ስትዞር ኖራለች። እኔ ሰባት ቤት ስቆጥር፣ እሷ ገና ከመጀመሪያው ቤት አልወጣችም። ቤት የተቆጠረው ለሰጪዎቹ ነው።

ስለዚህ ጎረቤቴን «የማን ናት ሳይሆን የማን ነበረች በል» አልኩት። አልገባውም፤ ግን ቁራጭ ጠየቀኝ። እናንተም ክረምት ሲገባ ኑ። የእርሳስ ውፍረት ያላት፣ ሦስት አንጓ ያላት ቅርንጫፍ እሰጣችኋለሁ፤ ሁለቱን አንጓ አፈር አልብሷት፣ ጥላ አትንሷት። ፍየላችሁን ግን አስቀድማችሁ እሰሩ።