ዋስ ይሁኑልኝ ከማለታችሁ በፊት



በወጣቶች የጸሎት ምሽት የምትሰጡኝን ወረቀቶች ሳነብ "ለማስተርስ ያመለከትኩበት ትምህርት ቤት እንዲቀበለኝ ጸልዩልኝ" የሚል ርዕስ አይጠፋም። እንጸልያለን፤ ጌታም ለብዙዎቻችሁ በር ሲከፍት አይተናል። ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ጥያቄ ግን ወረቀት ላይ የሚጽፍ የለም። እርሱ የሚቀርበው ከአምልኮ በኋላ ቡና ሲጠጣ፣ ለአክስት ወይም ለአጎት በለሰለሰ ድምፅ ነው፦ "ለትምህርት ብድሬ ዋስ ይሁኑልኝ።" ይህ ጥያቄ ከአሁን በኋላ በየቤታችን እየበዛ የሚመጣ ይመስለኛል። ለምን እንደሆነና ከመጠየቃችሁ በፊት ምን ብታደርጉ እንደሚሻል ልንገራችሁ።

እዚህ አሜሪካ ከ2006 ጀምሮ ከባችለር ዲግሪ በላይ የሚማር ሰው "ግራድ ፕላስ" ከሚባለው የፌዴራል ብድር የትምህርቱን ሙሉ ወጪ፣ የቤት ኪራይና ምግብ ጭምር፣ መበደር ይችል ነበር። ከባድ የክሬዲት ችግር ከሌለበት ዋስ አይጠየቅም። ብድሩ ርካሽ ነበር ማለቴ አይደለም። በ2024-25 የትምህርት ዓመት ወለዱ 9.08 በመቶ ነበር፤ ገንዘቡ ገና ሲወጣም ከ4 በመቶ በላይ ለአገልግሎት ይቆረጥ ነበር። ተማሪው በትምህርት ላይ ሳለ መንግሥት ወለዱን የሚሸፍንበት የብድር ዓይነትም ለእነዚህ ተማሪዎች ከ2012 ጀምሮ ቀርቶአል። ሆኖም በዚህ ሁሉ ውስጥ ዕዳው የተማሪው የራሱ ነበር። ብዙዎች የሌላ ሰው ፊርማ ሳይጠይቁ ተምረው ወጥተዋል።

ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ይህን ለወጠው። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ግራድ ፕላስ የለም። የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት በዓመት 20,500፣ በጠቅላላው 100,000 ዶላር ይበደራል። ሕጉ "ፕሮፌሽናል" የሚለውን ትምህርት የሚማር ደግሞ በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ይበደራል። ከዚያ ቀን በፊት ትምህርቱን ጀምሮ ለዚያው የተበደረ ሰው ቢበዛ ለሦስት ዓመት በቀድሞው ሥርዓት መቀጠል ይችላል። የሕጉ ደጋፊዎች ገደብ የሌለው ብድር ትምህርት ቤቶች ዋጋ እንዲቆልሉ አድርጓል ይላሉ፤ ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን የትምህርት ቤቱ ዋጋ እስኪወርድ ድረስ ልዩነቱን የሚሸፍን አንድ ሰው መኖር አለበት።

"ፕሮፌሽናል" የተባለው ማን ነው? በ2025 መጨረሻ የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር የሰየመው ኮሚቴ በተስማማበት ትርጉም ውስጥ ሕክምና፣ የጥርስ ሕክምና፣ ፋርማሲና ሕግ አሉ። ነገረ መለኮትም አለ። ነርስነት ግን የለም። እንግዲህ መጋቢ ለመሆን የሚማረው በ50,000ው ጎራ ሲመደብ፣ መጋቢው ሲታመም የምታስታምመው ነርስ በ20,500ው ጎራ ትቀራለች ማለት ነው። ከሌሊት ሥራ ወጥተው ዩኒፎርማቸውን ሳይቀይሩ ወደ እሑድ አምልኮ የሚመጡ እናቶችና እህቶች ላሉባት ቤተ ክርስቲያን ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንዲት ነርስ በሙያዋ ከፍ ለማለት የሦስት ዓመት ትምህርት ልትገባ ነው እንበል፤ ከኑሮ ጋር በዓመት 60,000 ዶላር ያስፈልጋታል። ከፌዴራል የምታገኘው 20,500 ነው። በየዓመቱ 39,500፣ በሦስት ዓመት 118,500 ዶላር ይጎድላታል። ይህን ለመሙላት ወደ ግል አበዳሪ ትሄዳለች። የግል አበዳሪ ደግሞ ክሬዲትና ገቢ ያያል፤ ትምህርት ላይ ስለሆነች ገቢዋ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ዋስ አምጪ ይላታል። "ኮሳይን" የሚሉት ይህ ነው።

የፌዴራልና የግል ብድር በስም እንጂ በጠባይ አይመሳሰሉም። በአዲሱ ሕግ የፌዴራል ብድር አከፋፈል በገቢ ሊወሰን ይችላል፤ ለምሳሌ በዓመት 55,000 ዶላር የሚያገኝና የሚያስተዳድረው ልጅ የሌለው ሰው የገቢውን 5 በመቶ፣ በወር 229 ዶላር ገደማ ይከፍላል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት፣ ቤተ ክርስቲያንን ጨምሮ፣ ሙሉ ጊዜ እየሠራ 120 ወርሃዊ ክፍያ የከፈለ ሰው ቀሪው ይሰረዝለታል። የግል ብድር እነዚህን መብቶች አይሰጥም። ተበዳሪው ባይከፍል አበዳሪው ዋሱን ይጠይቃል፤ የዘገየ ክፍያም የዋሱን ክሬዲት ያበላሻል። ክፍያው ሳይዘገይ እንኳ ዋሱ ቤት ለመግዛት ብድር ሲጠይቅ ያ ዕዳ እንደ ራሱ ዕዳ ሊቆጠርበት ይችላል።

ባለፈው ዓመት ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ክፍሌ አንዲት እህት መጥታ ሽማግሌ ሆኜ አብሬያት እንድሄድ ጠየቀችኝ። የምትሄደው የእናቷ የልብ ወዳጅ ወደሆኑ እናት ነበር። እኚህ እናት በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ይሠራሉ፤ ክሬዲታቸው ንጹሕ ነው፤ ቤት ለመግዛትም ለዓመታት ሲያጠራቅሙ ቆይተዋል። "አንተ ካለህበት እምቢ አይሉኝም" አለችኝ። እንደምሄድ ነገርኳት፤ አስቀድመን ግን ውሉን በአማርኛ በአንድ ገጽ እንድንጽፈው ለመንኳት። ሁለት ምሽት ፈጀብን።

እቤታቸው ስንደርስ ምግብ አቀረቡ፤ ከበላን በኋላ ገጹን አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ "ልጄ፣ እግዚአብሔር አያድርገውና ብትታመሚብኝ ማን ይከፍለዋል?" የእህታችን ዓይን እንባ ሞላ። መልሱ በገጹ ላይ ተጽፎ ነበር። "አልፈርምም፤ ቤቱን ለልጆቼ ነው" አሉ። ከዚያ አቅፈዋት ጸለዩላት። መኪና ውስጥ ለረጅም ጊዜ አላወራንም።

እህታችን በዚያ ዓመት አልገባችም፤ ይህ ለእርሷ ቀላል አልነበረም። አሁን በምትሠራበት ሆስፒታል እየተረዳች፣ ዋጋው ዝቅ ባለ የስቴት ዩኒቨርሲቲ በየሴሚስተሩ ጥቂት ኮርስ እየወሰደች ነው። አሠሪ ለሠራተኛው ትምህርት በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከግብር ነጻ ሊከፍል እንደሚችል ያወቀችው ያኔ ነው። ጊዜው ይረዝማል። ከእኚያ እናት ጋር ግን ዛሬም አብረው ይበላሉ።

መጽሐፈ ምሳሌ ስለ ዋስትና ደጋግሞ ያስጠነቅቃል፤ ዋስ የሆነ ሰው የሚተኛበትን አልጋ እንኳ ሊያጣ እንደሚችል ይነግረናል። ያው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ይሁዳ በአባቱ ፊት ለብንያም ዋስ ሲሆን፣ ጳውሎስም የአናሲሞስን ዕዳ በራሱ ላይ እንዲቆጠር ለፊልሞና ሲጽፍ ያሳየናል። የዕብራውያን መልእክት ጌታችንን ራሱን የሚሻል ኪዳን ዋስ ይለዋል። ታዲያ ዋስትና ክፉ ነው ወይስ መልካም? እኔ የማየው ልዩነት ይህ ነው። ይሁዳ የሚከፍለውን አውቆ ገባ፤ ቀኑ ሲደርስም በብንያም ፈንታ ባሪያ ልሁን አለ። ጳውሎስ በገዛ እጁ ጻፈ። ጌታችን ዋጋውን እስከ መስቀል ድረስ ያውቅ ነበር፤ ማንም በይሉኝታ አላስገደደውም። ምሳሌ የሚያስጠነቅቀው የማያውቀውን ዕዳ በችኮላ እጅ መትቶ የሚሸከመውን ሰው ነው።

በእኛ ዘንድ ችኮላው የሚመጣው ከይሉኝታ ነው። አንድ ሽማግሌ በቤተ ክርስቲያን ልጅ ፊት "አይሆንልኝም" ማለት ያፍራሉ። እንግሊዝኛው ውል አርባ ገጽ ነው፤ ልጁ "ፎርማሊቲ ነው" ይላቸዋል፤ ይፈርማሉ። ይህን አታድርጉ። በፍቅር ስም የሌላውን ሰው እርጅና ማስያዝ ነው።

እንግዲህ አስቀድማችሁ ፋፍሳ ሙሉና የፌዴራሉን ድርሻ እስከ መጨረሻው ተጠቀሙ። ትምህርት ቤቱን ስለ ስኮላርሺፕና እያስተማሩ ስለ መማር ጠይቁ። አሠሪያችሁን ጠይቁ። ርካሹን ትምህርት ቤት አትናቁ። ያም ሆኖ ዋስ ካስፈለጋችሁ፣ ዋሱ ከተወሰነ ክፍያ በኋላ ነጻ የሚወጣበት አንቀጽ መኖሩን አበዳሪውን በጽሑፍ ጠይቁ። ጥገኝነት ጠይቃችሁ ውሳኔ የምትጠብቁ ወንድሞችና እህቶች የፌዴራል ብድር እንደማይፈቀድላችሁ አውቃለሁ፤ ለእናንተ የዋስ ጥያቄ አዲስ አይደለም፤ ይህ ምክር ለእናንተ ይበልጥ ይሠራል።

በመጨረሻም ውሉን ለምትጠይቁት ሰው በአማርኛ አንብቡላቸው። ወለዱን፣ ጠቅላላ ዕዳውን፣ ብትታመሙ ወይም ሥራ ብታጡ የሚሆነውን ሳትደብቁ ንገሯቸው። መልሱን በዚያው ቀን አትቀበሉ፤ አንድ ሳምንት ይጸልዩበት። እሺ ካሉ፣ አውቀው ነው የገቡት፤ እናንተም የማንን አልጋ እንደያዛችሁ እያሰባችሁ ትማራላችሁ። አይሆንልኝም ካሉ፣ እሑድ ሄዳችሁ ከጎናቸው ተቀመጡ።