የቡቺ ዕድሜ

ቡቺ ቤታችን የገባው በ2016 ዓ.ም. ነው፤ ፒያሳ ሲፈርስ። ባለቤቱ ለሃያ ዓመት ሱሪዬን ሲያጠቡልኝ (ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ሲያሰፉልኝ) የኖሩ ልብስ ሰፊ ናቸው። የደረሳቸው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። "መምህር፣ አንተ ግቢ አለህ" ብለው ገመዱን አስጨበጡኝ። በዚያ ሁሉ ግርግር መሀል የውሻ ዕድሜ መጠየቅ ለማን ትዝ ይለዋል?

ጥያቄው የመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ላስከትበው ስወስደው ነው። ካርዱ ላይ "ዕድሜ" የሚል ቦታ አለ። ወጣቱ የእንስሳት ሐኪም የቡቺን ከንፈር ገለጥ አድርጎ ጥርሱን ያነብ ጀመር። ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አለው፤ እነሱ ረግፈው በሰባት ወሩ ግድም 42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። እስከዚያ ጥርስ አይዋሽም። ከዚያ ወዲያ ግን ግምት ነው። አጥንት ሲቆረጥም የኖረና ፍትፍት ሲጎርስ የኖረ ውሻ እኩዮች ቢሆኑም ጥርሳቸው እኩያ አይሆንም። የአፍ ዙሪያ ሽበትም አያስተማምንም አለኝ። በሠላሳ ሁለት ዓመቴ የሸበትኩ ሰው ነኝና ይህንን ያለ ክርክር ተቀበልኩ። በመጨረሻ ዓይኑ ላይ መብራት አበራ። ውስጡ ሰማያዊ መሳይ ጭጋግ ይታያል፤ ከስድስት፣ ከሰባት ዓመት በኋላ የሚመጣ ነው አሉ።

"ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ብንል?"

ስንል ምን እንሆናለን! ለውሻ እኮ ሦስት ዓመት ቀላል አይደለም።

ቤት ስንደርስ ልጄ ስምንትን በሰባት አባዝታ "የአባቢ እኩያ ነው" ብላ አወጀች። ማባዛቱ ስሕተት ነው፤ የአንድ ዓመት ውሻ ወልዶ ያድራል፣ የሰባት ዓመት ልጅ ግን ንፍጡን አይጠርግም። ውሻ መጀመሪያ ላይ በሩጫ ያረጅና ኋላ ዝግ ይላል። ግን ምን ብዬ ልከራከራት? የእኔስ ዕድሜ መች ታወቀ? ትምህርት ቤት ሲያስገቡኝ ቀኝ እጄን በአናቴ ላይ አሻግሬ ግራ ጆሮዬን እንድነካ ታዘዝኩ። ነካሁ። ሰባት ተባልኩ። እጄ ረጅም ነበር እንጂ፣ እናቴ እስክታልፍ ድረስ "ስድስትም አልሞላህ" እንዳለች ነው። ጡረታዬም የሚቆጠረው በዚያ ክንድ ልክ ነው።

ልጄ ግን አልተወችኝም። "ስንት ዓመት ቀረው?" ማለቷ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ለሽማግሌው ደወልኩላቸው።

"ዕድሜው? ቆይ እስቲ… የባለቤቴን ሙት ዓመት ባወጣን ሰሞን ነው ያመጣሁት። ቤቱ ጭር ሲልብኝ። ገና ጡት መጣሉ ነበር።"

ባለቤትዎ ያረፉት መቼ ነበር ልላቸው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

"አሁንም በር ሲንኳኳ ቀድሞ ይነሣል?" አሉኝ።

ጆሮው ደክሟል፤ አጠገቡ ካልደረሱ አይነቃም።

"ይነሣል፣ ጋሼ።"

ዝም አሉ። ቆይተው፣ "ቅዳሜ ልምጣ? ሱሪም ካለህ…" አሉ።

የሚወርዱበትን የታክሲ ፌርማታ ነገርኳቸው።