ኮምፒዩተሩ «አላየሁም» ሲል

የአባቴ ሙት ዓመት አንድ ሳምንት ሲቀረው እናቴ «ያቺን የፋሲካዋን ምርቃት አውጣልኝ፤ ድምፃቸውን ልስማው» አለችኝ፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ በ2005 ዓ.ም. ከዋሽንግተን የመጣች እህቴ አባታችን ዘር ሲቆጥሩና ሲመርቁን በቪዲዮ ካሜራ ቀርጻ፣ ካሜራውን ትታልን ሄደች፡፡ እኛም «አንድ ቀን እንገለብጠዋለን» እያልን ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥነው፡፡ አባቴ በ2007 አረፉ፡፡ ያ አንድ ቀን ግን አልመጣም ነበር፡፡ ድሮ የሠርግ ካሴት ጡብ ስለሚያክል ቢያንስ ተረስቶ አይቀርም፤ ይህቺ ግን ቴምብር የምታክል ሚሞሪ ናት፡፡

አውጥቼ ቤት ባለችው አሮጌ ኮምፒዩተር ሰካኋት፡፡ ኮምፒዩተሯ ጥቂት አሰበችና «ዲስኩ ፎርማት አልተደረገም፤ አሁን ይደረግ?» የሚል የእንግሊዝኛ ጥያቄ ደቀነችብኝ፡፡ ሚሞሪዋን በሸሚዜ ጠርጌ ደግሜ ሰካሁ፡፡ ያው ነው፡፡ ወንድሜ «እሺ በለውና ይክፈተው እንጂ!» አለኝ፡፡ አልዋሻችሁም፣ ጣቴ ማውሱ ላይ ነበረች፡፡

ቡና ልትጠጣ የመጣች የጎረቤት ልጅ፣ የኮምፒዩተር ተማሪ ናት፣ «ጋሼ ይተዉት! እንዳይነኩት!» ብላ ጮኸች፡፡

እንደነገረችን ከሆነ ፎርማት ማለት መዝገብ ቤት ገብቶ የፋይሎቹን ዝርዝር የያዘውን ትልቁን ደብተር እንደ መቅደድ ነው፡፡ ፋይሎቹ ለጊዜው መደርደሪያው ላይ ሊቀሩ ይችላሉ፤ ግን የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም፡፡ አዲስ ነገር ከተቀረጸበት ደግሞ የድሮው ላይ ይጻፍበታል፡፡ በፎርማት የጠፋን የሚፈልጉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ያገኛሉም፣ አያገኙምም፡፡

«ሚሞሪዋ ስንት ናት?» አለች፡፡ 16 ጊጋ፡፡ ሳቀች፡፡ የመጀመሪያዎቹ የኤስዲ ሚሞሪዎች እስከ 2 ጊጋ ነበሩ፡፡ በፈረንጆቹ 2006 እስከ 32 ጊጋ የሚደርሱት፣ ኤስዲኤችሲ የሚባሉት መጡ፡፡ መልካቸው አንድ፣ አንጀታቸው ሌላ! የእኛ ኮምፒዩተር ማንበቢያ ከዚያ በፊት የተሠራ ስለሆነ ሚሞሪዋን ይውጣታል እንጂ አያውቃትም፡፡ የማያውቀውን ነገር «አላውቅም» ማለት ሲገባው «ልጥረገው?» ይላል፡፡ እንዲህ ያለ ሹም አጋጥሞኝ ያውቃል፡፡

«የቀረጸው ካሜራ እያለ ለምን ባዕድ ይጠየቃል?» ብላ ሚሞሪዋን ወደ ካሜራው መለሰቻት፡፡ ባትሪው ሞቷል፤ በቻርጀሩ መብራት ላይ ሰካነው፡፡ በዩኤስቢ ገመዱ ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኘችና ካሜራው ላይ የኮምፒዩተር ግንኙነት የሚለውን መረጠች፡፡ ካሜራው ራሱ ማንበቢያ ሆነ ማለት ነው፡፡ ተከፈተ!

ግን ምን ዋጋ አለው፤ ያለው ፎቶ ብቻ፡፡ ዲሲአይኤም የሚል ፎልደር ውስጥ የበግ ቆዳና የልጆች ጥርስ፡፡ እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች፡፡ ልጅቱ ግን አልደነገጠችም፤ እንዲህ ዓይነት ካሜራ ፎቶውን ፊት ለፊት፣ ቪዲዮውን ጓዳ ነው የሚያስቀምጠው አለች፡፡ ፕራይቬት የሚለውን ከፈተች፤ ውስጡ ኤቪሲኤችዲ፤ ውስጡ ቢዲኤምቪ፤ ውስጡ ስትሪም፡፡ እዚያ መጨረሻቸው ኤምቲኤስ የሚል ፋይሎች ተደርድረዋል፡፡ ልከፍት ስል እጄን ያዘችኝ፡፡ «መጀመሪያ ይገልብጡ፣ ከዚያ ያያሉ፡፡» ወደ ኮምፒዩተሩ፣ ከዚያ ወደ ፍላሽ ገለበጥን፡፡ ቡናው ሁለተኛ ደረሰ፡፡

በቪኤልሲ ከፈተችው፡፡ አባቴ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ወደ ካሜራው ጎንበስ ብለዋል፡፡

«ጀመረ እንዴ? ቀይዋ መብራት በርታለች?»

እናቴ ከበርጩማዋ ላይ ሆና «በርታለች፤ ይናገሩ» አለቻቸው፡፡