ባሕር ዳር በብስክሌት

ባሕር ዳር ሄዳችሁ ብስክሌት ሳትነዱ እንዳትመለሱ። ከተማዋ ለጥ ያለች ናት፤ መንገዶቿ በዘንባባ ያጌጡ፣ ነፋሱም ከጣና የሚመጣ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ ስታቋርጡ አትቸኩሉ፤ ቆም ብላችሁ ወንዙን እዩት።

እኛ ባለፈው ዓመት በኪራይ ብስክሌት ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ወጣን። የስምንት ዓመቷ ልጃችን አስም አለባት። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ትንፋሿ ያፏጭ ጀመር። ፓፏ የት ነው? ባለቤቴ ብስክሌት ላይ በታሰረው ቦርሳ ውስጥ። እሱ ደግሞ ቀድሞን ሄዷል። ስልኩስ? ኪስ የለኝም ብሎ እኔው ጋ አስቀምጦታል! (ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ስለ ዕቅድ ስናገር ውዬ ነው የማድረው።) አንድ የማላውቀው ወጣት «አይዞሽ እህቴ» ብሎ ከመቀመጫው ተነስቶ ፔዳሉን እየረገጠ ሄዶ ጠራልኝ። እስኪመለሱ ድረስ እጇን ይዤ ትንፋሿን እቆጥር ነበር።

አሁን ፓፉ ከራሷ ወገብ አይለይም። ስልክና ገንዘብ እያንዳንዳችን እንይዛለን። ውሃ ከኋላ በደንብ ይታሰራል፤ በፌስታል መሪው ላይ አታንጠልጥሉ፣ እየተወዛወዘ ጎማው ውስጥ ይገባል። ከተማ ውስጥ ጎሚስታ አይጠፋም፤ ራቅ የምትሉ ከሆነ ግን ትንሽ ፖምፓ ከአከራዩ ጠይቁ።

ዘንድሮም ቤዛዊት ወጣን። ቀድማን የደረሰችው እሷ ናት፤ ቁጭ ብላ ዓባይን እያየች ጠበቀችን።