ባሕር ለማየት ፈረንሳይ ድረስ?

«የባሕር ዳርቻ ዕረፍት» ሲባል ብዙዎቻችሁ የምታስቡት በፊልም ያያችኋትን የፈረንሳይ ከተማ ይሆናል። ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰርፊንግ የለመደችው ቢያሪትዝ ለዚህ ስመ ጥር ናት። የበደሳ ልጅ ለሆንኩት ለእኔ ግን ፈረንሳይኛ የሚነገርበት ባሕር ቅርብ ነው፤ እስከ 1977 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ሥር የነበረችው ጅቡቲ።

ለመሄድ ካሰባችሁ ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ምረጡ። በእኛ ክረምት እዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ፓስፖርት አትርሱ። እኛ ከበደሳ በጭሮና በቁልቢ አድርገን ድሬዳዋ ገባን፤ ከዚያ በባቡር ተጓዝን። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ እንደ ቢያሪትዝ ማዕበል አይበዛበትም። ሰርፊንግ ለሚፈልግ አይሆንም፤ ዋና ለማይችል ቤተሰብ ግን ዳር ዳሩን መንቦራጨቅ ይበቃል።

እናቴን ይዣት የሄድኩት በምክንያት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የሐረርጌ ቡና ስትለቅም ኖራለች፤ ቡናው በጅቡቲ ወደብ ባሕር ሲሻገር እሷ ባሕር አይታ አታውቅም። ጫማዋን አውልቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች። ውኃውን በጣቷ ነክታ ቀመሰችና ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች። «አባትሽ ይህን ሳያይ ሄደ» አለችኝ።

ልጆቻችን ወደፊት ብዙ ባሕር ያያሉ። የዕረፍት በጀት ስታወጡ ለእናት ወይም ለአባት የሚሆን አንድ ወንበር ጨምሩ። የእነሱ ጊዜ ከልጆቹ ያጥራል።