«ትንሽ ይነዝራል»

የሚነዝር ምጣድ በብዙ ቤት የሚታየው እንደ ተናካሽ ውሻ ነው። አመሉን ለአዲስ ሰው ከመንገር በቀር መፍትሔ የሚፈልግለት የለም። እኛም ሲ.ኤም.ሲ ባለው ቤታችን እንደዚያው ነበርን። እንጀራ የምትጋግርልን ልጅ ሥራ በጀመረች ሰሞን «እትዬ፣ ምጣዱ ይነዝራል» ስትለኝ «አዎ፣ ትንሽ ይነዝራል» ብዬ የላስቲክ ጫማ ገዛሁላት። በዚያው ጉዳዩን የዘጋሁት መሰለኝ። የምጋግረው እኔ ብሆን ኖሮ በማግስቱ ሠራተኛ እጠራ ነበር። ለመናገር የከበደኝ ይኼ ነው።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የመጣው በሌላ ምክንያት ነው። የኮሪደሩ አምፖል ማታ አጥፍተነው እንኳ ጭል ጭል እያለ ልጆቹን ያስፈራቸው ነበር። ጋሼ (ሁላችንም የምንጠራቸው እንደዚህ ነው) ቴስተራቸውን መጀመሪያ በሚሠራ ሶኬት ላይ ሞከሩት፤ በራ። ከዚያ ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፍተው የአምፖሉን ማቀፊያ ነኩበት፤ አሁንም በራ። ገመዱን የዘረጋው ሰው ማብሪያውን ያስገባው ኤሌክትሪኩን በሚያመጣው ሽቦ (በፌዙ) ላይ ሳይሆን በመመለሻው (በኒውትራሉ) ላይ ነው። እንዲህ የተሠራ መብራት ይበራል፣ ይጠፋል፤ ለዓመታት ማንም አያውቅበትም። አምፖሉ ቢጨልምም ማቀፊያው ግን 220 ቮልት እንደያዘ ነው። ባለቤቴ ስንት ጊዜ ወንበር ላይ ቆሞ አምፖል ቀይሯል! «አጥፍቼዋለሁ» እያለ።

ጋሼ ዋናውን ብሬከር አወረዱ፤ ቴስተሩ መሥራቱን እንደገና አረጋገጡና ገመዱን አስተካከሉ። መብራት በሄደ ሰዓት ግን ሥራ አይነኩም። «ሳታስቢው ይመጣል፣ ልጄ» ይላሉ።

ሊወጡ ሲሉ ስለ ምጣዱ አነሳሁላቸው። ቀልድ በሚመስል ድምፅ ነበር የነገርኳቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ሰርቪስ ቤቱን አሳዪኝ አሉ። ጊዜው ሐምሌ ነው፤ የሲሚንቶው ወለል ረጥቧል። የሶኬቱን ክዳን ሲፈቱት ከውስጥ ጠቁሮ፣ አንዱ ሽቦ ልባሱ ተሰባብሮ ተገኘ። የእኛ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ነው፤ ያ ማለት ወደ 16 አምፔር ሲሆን ሰዓታት ሙሉ ይስባል። ሽቦው ደግሞ ለአምፖል የሚሆን ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ነበር። የመሬት ሽቦ የሚታሰርበት ብሎን ባዶውን ቆሟል፤ ሦስተኛ ሽቦ የሚባል ነገር በግድግዳው ውስጥ አላለፈም።

«ብሬከር አለን እኮ» አልኳቸው።

«ብሬከሩ ሽቦውን ነው የሚጠብቀው፤ ልጅቷን አይደለም።»

ሒሳቡ ቀላል ነው። ባለ 16 አምፔር ብሬከር ከዚያ በላይ ካልተሳበ አይወርድም። ሰው ለመግደል ግን የአንድ አምፔር መቶኛ ጥቂት እጥፍ ይበቃል። ስለዚህ ልጅቷ ተይዛ ብትቀር ብሬከሩ ምንም አይሰማውም። የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ መቅበር ግድ ነው፤ እሱም ብቻውን አይበቃም። አፈሩ ራሱ ኤሌክትሪክን ስለሚቋቋም በዘንጉ በኩል የሚያልፈው ብሬከሩን ላያወርደው ይችላል። ጎደሎውን የሚሞላው ባለ 30 ሚሊአምፔር መከላከያ ነው። በፌዙ የሄደውና በኒውትራሉ የተመለሰው ሲለያይ በቅጽበት ይቆርጣል።

እንግዲህ ዘንጉ ተቀበረ፤ ከማከፋፈያ ሳጥኑ ለምጣዱ ብቻ የሚሆን ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ ቢጫና አረንጓዴው የመሬት ሽቦ ጭምር ተዘረጋ፤ መከላከያውም ገባ። ልጅቷ ሊጥ አዘጋጅታ ምጣዱን ስትለኩሰው መከላከያው ቷ ብሎ ወረደ። መልሰን አነሳነው፤ ወረደ። ገንዘቤ የባከነ መስሎኝ ተናድጄ ደወልኩ።

ጋሼ ሳቁ። «አሁን ነው የሠራው! ምጣድሽ እያፈሰሰ ነው።»

መጥተው ምጣዱን ሲፈቱት ከታች የገመዱ ጫፍ ከቆርቆሮው ጋር ተነካክቶ ነበር። መከላከያው በሰከንድ ያወቀውን ልጅቷ ከነገረችኝ ዓመት አልፎ ነበር። ገመዱ ተቀይሮ፣ ቆርቆሮው ከመሬት ሽቦው ጋር ታስሮ ሥራ ጀመረ። ባዶ እጄን ጎኑ ላይ አሳረፍኩ፤ ይህን ከማድረጌ በፊት ቴስተሩን እንዲነኩበት ጋሼን ለምኛቸዋለሁ።

ልጅቷ ቆማ ስታየን ከቆየች በኋላ «እትዬ፣ የእኔ ክፍል ሶኬትስ?» አለች። ክፍሏ ገብቼ ሶኬቷን አይቼ አላውቅም። ስልኳን የምትሞላበት ማከፋፈያ ስፒና የለውም፤ ሁለት የተላጡ ሽቦዎች በሶኬቱ ቀዳዳ ገብተው በክብሪት እንጨት ተወጥረዋል። ጋሼ ሻንጣቸውን መልሰው ከፈቱ።