አንዲት አረንጓዴ ነጥብ

ለዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ጽሑፍ አቅርቡ በተባልን ቁጥር ብዙዎቻችን ስለ ፈተና፣ ስለ ፍቅርና ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ መጻፍ ይቀናናል። እኔ ግን ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለ አንዲት ነጥብ ነው። ነጥቧ ሩብ ሚሊሜትር እንኳ በቅጡ አትሞላም። ይሁን እንጂ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነሥታኛለች፤ ውሸትም አስጽፋኛለች። ነገሩን ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።

እንደምታስታውሱት በዚህ መንፈቀ ዓመት መጀመሪያ ላይ ለኮምፒዩተር ክፍላችን 12 አዳዲስ ሞኒተሮች መጥተው ነበር። ካርቶን ከተሸከሙት መካከል አንዱ እኔ ነበርሁ። የንብረት ክፍሏ እትዬ ሞዴል 19 ላይ ከመፈረማቸው በፊት ዕቃው መታየት ስላለበት፣ አስተማሪያችን ለሦስት ዕጩ መምህራን አራት አራት አከፋፈሉንና፣ "እየሰካችሁ አብሩ፤ መሥራት አለመሥራቱን በቁጥሩ አንጻር ጻፉልኝ፤ ሌላ ነገር አትነካኩ" ብለው ወደ ስብሰባ ሄዱ። ለእኔ ከ5 እስከ 8 ያሉት ደረሱኝ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። እኔ የጃናሞራ ሰው፣ የመካነ ብርሃን ልጅ ነኝ። ከስልክ በቀር ኮምፒዩተር የሚባል ነገር በእጄ የነካሁት እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ነው። በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጥ እንደነበር ታውቃላችሁ። ታላቅ ወንድሜ በዚያ ነው የተማረው። እሱ ሲያወራኝ ያን ስክሪን መንካት ይቅርና መጠጋትም አይፈቀድላቸውም ነበር። እኔም እንግዲህ "ስክሪን" ሲባል እንደ ታቦት የሚፈራ ነገር መስሎኝ ነው ያደግሁት። ታዲያ የተፈራውን ነገር የነካሁት እኔው መሆኔ ይገርማል።

አምስተኛውና ስድስተኛው በደንብ በሩ። ሰባተኛውን ሳበራው ስክሪኑ ገና ጥቁር እንዳለ፣ ከመካከሉ ትንሽ ወደ ቀኝ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ቦግ ብላ አየኋት። ሌሊት ከሩቅ ተራራ ላይ የሚታይ እሳት ትመስላለች። አቧራ ነው ብዬ በነጠላ ጨርቅ ጠረግሁት፤ አልሄደችም። ማውሱን አንቀሳቀስሁ፤ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ነጭ ገጽ ስከፍት ጠፋች፤ ጥቁር ሲሆን ተመለሰች።

በዚህ ጊዜ አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ፣ "እሱ እኮ ቀላል ነው፤ ቪዲዮ ላይ ሲጫኑት አይቻለሁ፤ በእስክሪብቶ ክዳን ጫን ስትለው ይስተካከላል" አለኝ። ልብ በሉ፣ አስተማሪያችን አትነካኩ ብለው ከወጡ ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ክዳኑን በጨርቅ ጠቅልዬ ቀስ ብዬ ጫን አልሁ። ነጥቧ ብልጭ ድርግም አለች። ይኼኔ ተስፋ አደረብኝ። ጠንከር አድርጌ ጫንሁ። አሁንም ጠንከር። እጄን ሳነሣ ነጥቧ እንዳለች አለች፤ በዙሪያዋ ግን የምስር ፍሬ የሚያህል ጠቆር ያለ ጉድፍ ወጥቷል። ብጠብቅ አልጠፋ፣ ባጠፋና ባበራ አልጠፋ።

ጓደኛዬ ድምፁን አጥፍቶ ወደ ራሱ ሞኒተሮች ተመለሰ። እኔ ደግሞ ወረቀቱን አነሣሁና ከቁጥር 7 አንጻር "ይሠራል" ብዬ ጻፍሁ። ከሥሩ ስሜን አኖርሁ። ፈረምሁ።

የዚያን ሌሊት ያሰብሁትን ሁሉ ብጽፈው ግድግዳው አይበቃም። አንድ ሞኒተር ስንት ብር ነው? ከፍለህ ተካ ብባል ለአባቴ ምን ብዬ ልደውል ነው? ገብሱ ገና አልታጨደም፤ በጎቹም ለእኅቴ ትምህርት የታሰቡ ናቸው። ደግሞ ሌላ ሐሳብ ይመጣብኛል፦ "ማን ያየዋል? ሲመጣም እንዲያው ነበር ይባላል" የሚል። ይኸኛው ሐሳብ ትንሽ ያስተኛኝና መልሶ ይቀሰቅሰኛል። በሁለተኛው ሌሊት የታወሰኝ ግን የእትዬ ነገር ነው። እሳቸው የሚፈርሙት የእኔን "ይሠራል" አምነው ነው። ነገ ነገሩ ሲገኝ የሚጠየቁት ደግሞ እሳቸው ናቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የኔን በሽታ ግን ልታመምበት የነበረው ሌላ ሰው ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለአስተማሪያችን ሁሉንም ነገርኋቸው። አልተቆጡም፤ አላመሰገኑኝምም። ዝም ብለው ቆዩና፣ "ሰባተኛውን አብራው" አሉኝ። ጉድፉን አጎንብሰው አዩት። ከዚያም፣ "ይህቺ ነጥብ ሞታለች ብለህ ነው የተጫንሃት?" ሲሉ ጠየቁኝ። "አዎን ጋሼ፣ የተበላሸች መስሎኝ" አልሁ። "ምን ዓይነት ብልሽት?" አሉ። መልስ አልነበረኝም። ሌሎቹንም ጠሯቸውና ሰባተኛውን ሞኒተር ጥቁር ሰሌዳቸው አድርገው ያስተምሩን ጀመር።

እንደ ሰማሁት ላስረዳችሁ። የኛ ሞኒተር በወርዱ 1920፣ በቁመቱ 1080 ነጥቦች አሉት፤ ባንድነት 2,073,600 ይሆናሉ። ፒክስል የሚባሉት እነሱ ናቸው። እያንዳንዱ ፒክስል ደግሞ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆኑ ሦስት ክፍሎች ስላሉት ጠቅላላው 6,220,800 ይደርሳል ማለት ነው። ከበስተኋላ ሁልጊዜ የሚበራ መብራት አለ። በሁለት ስስ መስታወቶች መካከል ደግሞ ፈሳሽ ክሪስታል የሚባል ነገር አለ። ይህ ነገር መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው፤ ራይኒትሰር የሚባል ኦስትሪያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በፕራግ ከተማ ከካሮት በተገኘ ንጥረ ነገር ላይ ሲሠራ ነው ያየው። ዓመቱ ድርቡሾች ጎንደርን ያቃጠሉበት ዓመት ነው። ለስክሪን ሥራ መዋል የጀመረው ግን በ1960ዎቹ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በአሜሪካ ነው።

ፈሳሹ ክሪስታል በመስኖ ቦይ ላይ እንዳለ በር ነው፤ ሲዞር ብርሃን ያሳልፋል፣ ሲመለስ ይዘጋል። በሩን የሚያዝዘው ትራንዚስተር የሚባል በዓይን የማይታይ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ለእያንዳንዱ በር አንድ አለው። ሦስቱም በሮች ዝግ ብለው ከቀሩ ነጥቡ በነጭ ገጽ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ይህ የሞተ ፒክስል ይባላል። ከሦስቱ አንዱ ክፍት ሆኖ ከቀረ ደግሞ በጥቁር ገጽ ላይ በቀለም ያበራል፤ ይህ የተያዘ ፒክስል ነው። የኔዋ አረንጓዴ በነጭ ላይ የጠፋችው ለዚህ ነበር፤ በነጭ ጊዜ ሁሉም በሮች ክፍት ናቸውና። በቀይ ገጽ ላይ ሲያሳዩን ቢጫ ሆና ታየች፤ ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ሲቀላቀሉ ቢጫ ይሰጣሉ። ስለሆነም የኔዋ ነጥብ አልሞተችም ነበር፤ ተይዛ ነበር እንጂ።

ከዚያ በኋላ 12ቱንም በጥቁር፣ በነጭ፣ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ገጽ አንድ ባንድ አየናቸው። በጓደኛዬ በኩል "ይሠራል" ተብሎ ያለፈው 11ኛው ላይ ቀይ ነጥብ ተገኘ። አስተማሪያችን አልተጫኑትም። ቀለሞችን በፍጥነት እያፈራረቀ የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም ነጥቡ ላይ ከፍተው፣ "በሉ ቡናችሁን ጠጥታችሁ ኑ፤ ብልጭታውን ትኩር ብላችሁ አትዩት፣ ዓይን ይጎዳል" አሉን። ይህ ዘዴ ሁልጊዜ ይሠራል ማለት አይደለም፤ የሞተ ፒክስልንም አያስነሣም። የተያዘውን ግን በሩን እያስከፈተና እያስዘጋ አንዳንድ ጊዜ ያላቅቀዋል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሰን ጥቁር ገጽ ስንከፍት ቀዩ ነጥብ የለም። ሌሎቹ አጨበጨቡ። እኔ ግን ወደ ሰባተኛው ዞሬ አየሁ። የኔዋም ግማሽ ሰዓት ብትሰጣት ኖሮ ትነሣ ይሆናል፤ ላትነሣም ትችላለች። አሁን የሚታወቅበት መንገድ የለም።

በማግስቱ የአቅራቢው ሠራተኛ ተጠራ። ጉድፉን እንዳየ፣ "ይህ የእጅ ጫና ነው፤ የፋብሪካ ጉድለት አይደለም" አለ። እውነቱን ነው። ስለ ነጥቧስ ሲባል በውሉ ውስጥ ስለ ፒክስል የተጻፈ ቃል አልተገኘም። ለዚህ ነገር ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው አይኤስኦ 13406-2 ይባል ነበር፣ በ2008 በአይኤስኦ 9241-307 ተተክቷል። በፊተኛው ደረጃ ሁለተኛ ክፍል የሚባለው ስክሪን በአንድ ሚሊዮን ፒክስል ውስጥ ሁለት ሁልጊዜ የሚበሩ፣ ሁለት ሁልጊዜ የጠቆሩና አምስት በከፊል የተበላሹ ፒክስሎች ቢኖሩት እንደ ደህና ይቆጠር ነበር። እንግዲህ አንዲት ነጥብ ይዞ የመጣን ሞኒተር ለመመለስ ሕጉ ብዙም አያግዝም፤ ገና ሲገዛ በውሉ ላይ "አንድም ነጥብ አይፈቀድም" ተብሎ ካልተጻፈ በቀር።

የንብረት ኮሚቴው ቃሌን በጽሑፍ ተቀበለ። አስተማሪያችን፣ "ምን እንደሚፈልጉ ሳላሳያቸው መፈተሽ ያዘዝኋቸው እኔ ነኝ" ብለው የጥፋቱን አንድ ጫፍ ራሳቸው ያዙ። ይህን ሲሉ አቀርቅሬ ነበር። ውሳኔው ሞኒተሩ ጉድለቱ በሞዴሉ ላይ ተመዝግቦ እንዲገባ፣ እኔም መንፈቀ ዓመቱ እስኪያልቅ ቅዳሜ ቅዳሜ የኮምፒዩተር ክፍሉን እየከፈትሁና እያጸዳሁ እንዳገለግል ሆነ። እትዬ ብዕራቸውን አስቀምጠው፣ "ልጄ፣ ፊርማ ከእጅ ከወጣ አይመለስም፤ እንኳን ቀድመህ ተናገርህ" አሉኝ። በዶርሙ ግን እስከ ዛሬ፣ "የመካነ ብርሃን ልጅ ብርሃን አጠፋ" እየተባልሁ አለሁ። ይሁን፤ ይገባኛል።

ውድ ጓደኞቼ፣ ነገ ተነገ ወዲያ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ስንመደብ ከዳገት በታች በአህያ ጭነት የሚመጣ አዲስ ዕቃ የምንረከበው እኛው ነን። ስለዚህ ከኔ ጥፋት ይህችን ያዙልኝ። አንደኛ፣ ሞኒተር ስትረከቡ ከመፈረማችሁ በፊት በአምስቱም ቀለሞች እዩት፤ ሲበራ ማየት ብቻ አይበቃም። ሁለተኛ፣ ነጥብ ካገኛችሁ በንጹሕና ለስላሳ ጨርቅ አቧራ አለመሆኑን አረጋግጡ፤ ከዚያ የሞተ ይሁን የተያዘ ለዩ። ሦስተኛ፣ በጣትም በክዳንም አትጫኑ፤ ቪዲዮ ላይ ቢያሳዩም አትጫኑ። አራተኛ፣ ያያችሁትን በዚያው ሰዓት ጻፉ። "ይሠራል" የሚል ቃል ቀላል ነው፤ የሚያምነው ሰው ግን አለ።

አስተማሪያችን በዚያ ቀን ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ "ሞተ ከማለትህ በፊት ቀለሞቹን ሁሉ አሳየው" አሉኝ። ስለ ሞኒተር መናገራቸው ነበር። በሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት ለተግባር ልምምድ 60 ልጆች ፊት ስቆም፣ ከኋላ ዝም ብሎ የሚቀመጥ አንድ ልጅ እንደማይጠፋ አውቃለሁና ቃላቸውን ለዚያም ቀን ይዣታለሁ።

ሰባተኛው ሞኒተር በበሩ በኩል ባለው ረድፍ መጨረሻ ላይ ነው። ቅዳሜ ስትመጡ ጉድፉን ታዩታላችሁ። "ይህ ምንድን ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁ እነግራችኋለሁ።